መኪናው ኩርባ ላይ አልታዘዝ ሲላችሁ፦ በእሽቅድድም ጌም ውስጥ ሱስፔንሽን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

የሱስፔንሽኑን፣ ማለትም ሞላውንና ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙትን ክፍሎች፣ ማስተካከያ ገጽ ትከፍታላችሁ። ሃያ ምናምን ቁጥር ይደረደርላችኋል። ሞላውን ታጠነክራላችሁ፣ ከፍታውን ታወርዳላችሁ፣ ካምበሩን (የጎማውን ማዘንበል) ትነካካላችሁ፣ ወደ ትራኩ ትመለሳላችሁ። መኪናው ከበፊቱ ብሶ ቁጭ! የትኛው ለውጥ እንዳበላሸው ግን ማወቅ አትችሉም፤ አራት ነገር በአንድ ጊዜ ነክታችኋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ቁጥሮቹን ስለማያውቅ አይደለም። ችግሩ ኩርባው ውስጥ የት ቦታ ላይ እንደሚፈጠር ሳይለይ ቁጥር መንካት ስለሚጀምር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። መጀመሪያ ቦታውን ለዩ፣ ከዚያ በዚያ ቦታ የሚያዝዘውን ክፍል ፈልጉ፣ ከዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ።

መመሪያው ለፎርዛ፣ ለግራን ቱሪስሞ 7፣ ለአሴቶ ኮርሳና ለመሰሎቻቸው ይሠራል። የቁጥሮቹ መጠን ከጌም ጌም ይለያያል። አቅጣጫው ግን አንድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናውን ጨርሱ። ሞተር፣ ጎማ፣ ክብደት መቀነሻ፣ ክንፍ፣ የሚገጠመው ሁሉ መጀመሪያ ይገጠም። ካስተካከላችሁ በኋላ የተሻለ ጎማ ብትገጥሙ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። አንዳንድ የማስተካከያ መስመሮች ተዘግተው ካያችሁ ክፍሉ ስላልተገዛ ነው። ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ሙሉ በሙሉ የሚስተካከለውን ሱስፔንሽንና ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ክፍል)፣ ፎርዛ ላይ ደግሞ የውድድር ደረጃ ያላቸውን ሞላ፣ አንቲ-ሮል ባር (መኪናው ወደ ጎን እንዳያጋድል ግራና ቀኙን የሚያያይዘውን ብረት) እና ዲፈረንሻል መግጠም አለባችሁ።

አጭር ትራክ ምረጡ። 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኑርቡርግሪንግ ኖርድሽላይፈ ለመፈተሻ አይሆንም። ወደዚያው ኩርባ እስክትመለሱ የመጀመሪያው ስሜት ይጠፋችኋል። 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ፁኩባ ለቀርፋፋ ኩርባዎች ግሩም ነው። ለፈጣን ኩርባዎች ሱዙካን ውሰዱ፤ 5.8 ኪሎ ሜትር ቢሆንም የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያሉት ተከታታይ ኩርባዎች የመኪናን ጉድ ቶሎ ያወጣሉ።

ሁኔታውን አትለዋውጡ። ያው አየር ሁኔታ፣ ያው የነዳጅ መጠን፣ ያው ዓይነት አዲስ ጎማ። የመረጋጊያ ድጋፍ፣ ማለትም ስታቢሊቲ ኮንትሮል፣ ይጥፋ። እሱ በርቶ እያለ የኋላውን ችግር ይሸፍንባችኋል፤ ሳታውቁት የተሸፈነ ችግር ላይ ትሠራላችሁ። ኤቢኤስን (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ድጋፍ) ሁልጊዜ አብርታችሁ የምትነዱ ከሆነ ይብራ። በውድድር ቀን እንደምትነዱት ንዱ።

ጆይስቲኩን ወይም መሪውን ፈትሹ። ጆይስቲካችሁ መሃል ላይ ሰፊ የሞተ ቦታ (ቢነካም መኪናው የማይሰማው) ካለው፣ መኪናው ዘግይቶ የሚታጠፍ ይመስላችኋል። ይህን በሱስፔንሽን ለማከም መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የሞተውን ቦታ ከሴቲንግ ውስጥ አጥብቡት።

አምስት ዙር ንዱ። ምንም ሳትነኩ። የአምስቱ ዙሮች ሰዓት በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ካልተቀራረበ ገና ማስተካከል አትጀምሩ። የእናንተ ልዩነት ከለውጡ ልዩነት ከበለጠ ምንም ነገር መለካት አትችሉም። ሃያ ዙር ጨምሩና ተመለሱ። ይህ ምክር ብዙ ሰው ያበሳጫል፤ ግን ሌላ አማራጭ የለም።

የመጀመሪያውን ሴቲንግ በስሙ አስቀምጡ። እኔ አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ ያገኘሁትን ጥሩ ሴቲንግ በላዩ ላይ ሌላ ጽፌበት አጥቼዋለሁ። መልሼ ለማግኘት ሳምንት ፈጀብኝ። «01 ኦሪጅናል»፣ «02 የፊት ባር ለስላሳ» እያላችሁ በቁጥር አስቀምጡ። አጠገባችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይኑር።

ደረጃ 1፦ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ሁለት ቃላት ያስፈልጓችኋል። አንደርስቲር ማለት መሪውን አዙራችሁ የመኪናው ፊት ሳይታጠፍ ወደ ውጭ ሲገፋ ነው። ኦቨርስቲር ማለት ኋላው ሲሸሽና መኪናው ሊዞርባችሁ ሲል ነው።

አሁን ኩርባውን በሦስት ክፈሉት።

1. መግቢያ፦ ፍሬን ይዛችሁ መሪ ማዞር ከምትጀምሩበት እስከ ፍሬን የምትለቁበት።
2. መሃል፦ ፍሬንም ነዳጅም የሌለበት፣ ወይም ነዳጁ በጣም ትንሽ የሆነበት።
3. መውጫ፦ ነዳጅ መስጠት ከምትጀምሩበት እስከ ቀጥታው መንገድ።

ሦስት ዙር ንዱና ሪፕሌዩን ተመልከቱ። ከዚያ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ቀርፋፋው የመጨረሻ ኩርባ፣ መውጫ ላይ፣ ነዳጅ ስሰጥ ኋላው ይሸሻል።» ኩርባው ቀርፋፋ ነው ወይስ ፈጣን የሚለውን አትርሱ። በኋላ ክንፍ ስንነካ ወሳኝ ይሆናል።

«መኪናው አይታጠፍም» ብሎ መጻፍ አይበቃም። መግቢያ ላይ አለመታጠፍና መውጫ ላይ አለመታጠፍ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ያንኑ ኩርባ ፍሬን ትንሽ ቀድማችሁ ይዛችሁ፣ 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀንሳችሁ ግቡበት። አንደርስቲሩ ከጠፋ ችግሩ የመኪናው አይደለም፤ ከመጠን በላይ ፈጥናችሁ እየገባችሁ ነው። ካልጠፋ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ደረጃ 2፦ የጎማ አየር

ሁሉም ነገር መሬት የሚነካው በጎማ በኩል ነው። የጎማው አየር ሳይስተካከል ሞላ ማስተካከል መሠረት ሳይጣል ግድግዳ መጀመር ነው። (ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ የጎማ አየር ማስተካከያ የለም። ዝለሉት።)

1. ጎማው እስኪሞቅ ሦስት ወይም አራት ዙር ንዱ። የምንፈልገው የሞቀውን ጎማ ልክ ነው። ጎማ ሲሞቅ አየሩ ይነፋል፤ በግምት በየ6 ወይም 7 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይጨምራል።
2. ቴሌሜትሪውን፣ ማለትም የመኪናውን መረጃ የሚያሳየውን ገጽ፣ ክፈቱ። አብዛኞቹ ጌሞች የጎማውን ሙቀት በሦስት ቦታ ያሳያሉ፦ ውስጥ፣ መሃል፣ ውጭ።
3. መሃሉ ከሁለቱ ጠርዞች በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ አየሩ በዝቷል፤ ቀንሱ። ጠርዞቹ ሞቀው መሃሉ ከቀዘቀዘ አየሩ አንሷል፤ ጨምሩ።
4. በአንድ ጊዜ ግማሽ ወይም 1 ፒኤስአይ ብቻ ቀይሩ። እንደገና አሙቁና እዩ።

አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ ላይ የምትነዱ ከሆነ የጂቲ3 (የውድድር መኪና ምድብ ነው) መኪና ደረቅ ጎማ ሞቆ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ መካከል እንዲቀመጥ አድርጉ። እዚያ ጌም ላይ ከዚህ ክልል መውጣት ወዲያው ይሰማችኋል።

የፊትና የኋላውን አየር በጣም አራርቃችሁ አንደርስቲርን ለማከም አትሞክሩ። የሚሠራ ይመስላል፣ ግን ከጥቂት ዙር በኋላ የአንዱ ወገን ጎማ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ደረጃ 3፦ የመነሻ ቁጥር አስሉ

መኪናው ሲገዛ ይዞት የሚመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ መሃል ላይ የተቀመጠ እንጂ ለመኪናችሁ ክብደት የታሰበ አይደለም። የፊት ክብደቱን በመቶኛ ከመኪናው መረጃ ላይ አንብቡና በዚህ ስሌት ተነሱ፦

(ትልቁ ቁጥር ሲቀነስ ትንሹ ቁጥር) ሲባዛ በክብደቱ ድርሻ፣ ሲደመር ትንሹ ቁጥር።

ምሳሌ፦ የፎርዛ ሆራይዘን 5 አንቲ-ሮል ባር ከ1 እስከ 65 ይሄዳል። መኪናችሁ 54 በመቶ ክብደቱ ፊት ላይ ከሆነ፣ ፊት 64 × 0.54 + 1 = 35.6 ይሆናል። ኋላ ደግሞ 64 × 0.46 + 1 = 30.4።

ለሞላም እንዲሁ። ዝቅተኛው 40፣ ከፍተኛው 200 ቢሆን፣ ፊት 160 × 0.54 + 40 = 126.4፣ ኋላ 113.6 ማለት ነው። የዳምፐር (ሾክ አብዞርበር) ሪባውንድ፣ ማለትም ሞላው ሲዘረጋ የሚሠራው፣ ከ1 እስከ 20 ስለሆነ ፊት 11.3፣ ኋላ 9.7 ይወጣል። ሞላው ሲጨመቅ የሚሠራውን፣ በምፕ የሚባለውን፣ የሪባውንዱን 60 በመቶ አድርጉት፤ ፊት 6.8፣ ኋላ 5.8።

ግራን ቱሪስሞ 7 የሞላን ጥንካሬ የሚያሳየው በሄርዝ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ) ስለሆነ ይህ ስሌት እዚያ አያስፈልግም። ሄርዙ የተሸከመውን ክብደት አስቀድሞ አስልቶታል። ፊትና ኋላን እኩል አድርጋችሁ ተነሱ።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው እንጂ መድረሻ አይደሉም። አስገቧቸው፣ «03 ስሌት» ብላችሁ አስቀምጡ፣ ሦስት ዙር ንዱ፣ የደረጃ 1 ዓረፍተ ነገራችሁን እንደገና ጻፉ። ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ይቀየራል።

ደረጃ 4፦ አንቲ-ሮል ባርና ሞላ

ጊዜያችሁን ሁሉ የምታጠፉት እዚህ ይሁን። የመኪናው ጠባይ ትልቁ ክፍል የሚወሰነው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ በደንብ ይግባችሁ። መኪናው ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጪዎቹ ጎማዎች ይሄዳል። ጎማ ደግሞ ክብደት በተጨመረበት ልክ መጨበጡ አይጨምርም፤ እጥፍ ክብደት ብትጭኑበት እጥፍ አይጨብጥም። በሁለት ጎማ ላይ የተካፈለ ክብደት፣ አንዱ ላይ ከተከመረ ይልቅ የተሻለ ይይዛል። የጠነከረው ወገን፣ ፊትም ይሁን ኋላ፣ ከሚተላለፈው ክብደት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቀድሞ መንሸራተት የሚጀምረው እሱ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ፦ የሚንሸራተተውን ወገን አለስልሱ። ወይም ሌላኛውን አጠንክሩ።

ብዙ ጀማሪ ተቃራኒውን ያደርጋል። ፊቱ አልታጠፍ ሲል «ደካማ ነው» ብሎ የፊቱን ያጠነክራል። መኪናው ይባሱን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

መጀመሪያ ባሩን ንኩ። ባር የሚሠራው መኪናው ወደ ጎን ሲያጋድል ብቻ ነው። ቀጥ ብላችሁ ፍሬን ስትይዙ ወይም ነዳጅ ስትሰጡ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ሌላ ነገር ሳያበላሽ የኩርባውን መሃል ያስተካክልላችኋል።

1. መሃል ላይ አንደርስቲር ካለ የፊት ባሩን ቀንሱ። ፎርዛ ላይ በአንድ ጊዜ 3 ወይም 4፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ደግሞ 1 ብቻ።
2. መሃል ላይ ኦቨርስቲር ካለ የኋላ ባሩን በተመሳሳይ መጠን ቀንሱ።
3. ሦስት ዙር ንዱ። የመጀመሪያውን ዙር አትቁጠሩት፤ እጃችሁ አዲሱን መኪና እየለመደ ነው።
4. ተሻሻለ? በዚያው አቅጣጫ አንድ እርምጃ ጨምሩ። መሻሻሉ እስኪቆም ቀጥሉ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ተመለሱ።
5. ምንም አልተሰማችሁም? የለውጡን መጠን እጥፍ አድርጉት። የማይሰማ ለውጥ አይጠቅምም።

ፊቱን ማለስለስ ነው የሚሻለው ወይስ ኋላውን ማጠንከር? በሁለቱም አንደርስቲር ይቀንሳል፤ መኪናው ግን አንድ ዓይነት አይሆንም። መኪናው ከጉብታ ጉብታ የሚዘል፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አለስልሱ። ወደ ጎን በጣም የሚያጋድልና ግራ ቀኝ በሚሉ ተከታታይ ኩርባዎች ላይ የሚዘገይ ከሆነ ሌላኛውን ወገን አጠንክሩ። ግራ ከገባችሁ ማለስለስን አስቀድሙ። የለሰለሰ መኪና ስህተታችሁን ይቅር ይላል።

ሞላን የምትነኩት ባሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ችግሩ ካልተፈታ ነው። ወይም ችግሩ ከኩርባ ውጪም ከታየ፤ ለምሳሌ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው መሬት ሊነካ የሚደፋ ከሆነ የፊቱን ሞላ አጠንክሩ። ነዳጅ ስትሰጡ ኋላው የሚቀመጥና ፊቱ ቀልሎ የማይታጠፍ ከሆነ የኋላውን አጠንክሩ። የኋላ ጎማዎቹ መውጫ ላይ መሬቱን አልይዝ ካሉ ደግሞ የኋላውን አለስልሱ። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ በላይ አትሂዱ። ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ 0.1 ወይም 0.2 ሄርዝ ይበቃል።

ሲበላሽ፦ መኪናው በሁለቱም ወገን የሚንሸራተት፣ በረዶ ላይ ያለ የሚመስል ከሆነ ሁሉም ነገር ከመጠን በላይ ጠንክሯል። የፊትና የኋላውን ሞላ በእኩል መቶኛ ቀንሱ። እኩል ስለሆነ ያገኛችሁት ሚዛን አይፈርስም። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ኩርባ ላይ የውስጡን የኋላ ጎማ ከመሬት ሲያነሳ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። ለእሱ የተለመደ ነው።

ደረጃ 5፦ ከፍታ

ዝቅ ያለ መኪና የክብደት ማዕከሉ ዝቅ ይላል፣ ወደ ጎንም የሚያስተላልፈው ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ አውርዱት። ነገር ግን ሆዱ መሬት እስኪመታ አይደለም። ሲመታ ጎማው ለቅጽበት ክብደቱን ያጣል፤ በፈጣን ኩርባ መሃል ይህ ከሆነ መኪናው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

እስከመጨረሻው አውርዱ፣ አንድ ዙር ንዱ፣ ሪፕሌዩ ላይ የእሳት ብልጭታ ወይም ድንገተኛ መዝለል ፈልጉ። ካለ ጥቂት ሚሊ ሜትር እያደረጋችሁ ከፍ አድርጉ። ጉብታ ለሚበዛበት ትራክ ሌላ ከፍ ያለ ሴቲንግ ይኑራችሁ።

ደረጃ 6፦ የጎማ አላይመንት

ካምበር ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት ልክ ነው። መኪናው ሲያጋድል የውጭው ጎማ ቀጥ ብሎ መሬት እንዲረግጥ ያደርጋል። የሚለካው በዚያው በጎማ ሙቀት ነው። ከተከታታይ ኩርባዎች በኋላ የውስጡ ጠርዝ ከውጩ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ቢሞቅ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከሞቀ ካምበሩ በዝቷል። የውጩ ይበልጥ ከሞቀ ካምበሩ አንሷል። ለመንገድ መኪና ፊት ከ1.5 ዲግሪ፣ ኋላ ከ1.0 ዲግሪ ተነሱ።

የምልክት ስህተት እንዳትሠሩ። ፎርዛ ላይ −1.5 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ግን ቁጥሩ ራሱ የሚቆጥረው ወደ ውስጥ የሚያዘነብለውን ስለሆነ 1.5 ማለት ያው ነው።

ካምበር ሲበዛ ቀጥታ ላይ የጎማው ጠርዝ ብቻ መሬት ይነካል። ፍሬን መያዣ ርቀታችሁ ከረዘመ ወይም ነዳጅ ስትሰጡ ጎማው ቶሎ መሽከርከር ከጀመረ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

ቶ (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ) በ0.1 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነካው። የፊት ጎማዎች ትንሽ ወደ ውጭ ቢከፈቱ መግቢያ ላይ ቶሎ ይታጠፋል፤ ሲበዛ ቀጥታ ላይ ይቅበጠበጣል። የኋላ ጎማዎች ትንሽ ወደ ውስጥ ቢያዩ ኋላው ይረጋጋል። የኋላውን ወደ ውጭ አትክፈቱ። በጆይስቲክ የምትነዱ ከሆነ የፊቱን ዜሮ ላይ ተዉት፤ ጣታችሁ ራሱ በቂ ቅብጥብጥነት ያመጣል።

ካስተር (መሪው የሚያዞረው ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ የሚያዘነብልበት ልክ) ካለ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ መካከል አስቀምጡና እርሱት።

ደረጃ 7፦ ዳምፐር

ዳምፐር፣ ያው ሾክ አብዞርበር የምንለው፣ ክብደቱ ምን ያህል እንደሚሄድ አይወስንም። በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ነው የሚወስነው። ስለዚህ የሚሰማችሁ እንቅስቃሴ ሲጀመርና ሲያልቅ ነው፦ ፍሬን ስትይዙ፣ መሪ ስታዞሩ፣ ነዳጅ ስትሰጡ። ኩርባው መሃል ላይ መኪናው ተረጋግቶ ሳለ ላለ ችግር ዳምፐር አትንኩ።

በምፕ ሞላው ሲጨመቅ ይሠራል። ሪባውንድ ሞላው ተመልሶ ሲዘረጋ። ፍሬን ስትይዙ ፊቱ ይጨመቃል፣ ኋላው ይዘረጋል። ነዳጅ ስትሰጡ ይገለበጣል። ይህን ከያዛችሁ ቀሪው ይከተላል፦

1. መግቢያ ላይ አንደርስቲር፦ የፊት በምፕን ቀንሱ።
2. መግቢያ ላይ ኦቨርስቲር፦ የኋላ ሪባውንድን ቀንሱ።
3. መውጫ ላይ አንደርስቲር፦ የፊት ሪባውንድን ቀንሱ።
4. መውጫ ላይ ኦቨርስቲር፦ የኋላ በምፕን ቀንሱ።

ጉብታ ላይ ጎማው የሚዘል ከሆነ በምፑ በዝቷል። ከጉብታው በኋላ መኪናው ሁለቴ ሦስቴ የሚወዛወዝ ከሆነ ሪባውንዱ አንሷል። በተከታታይ ጉብታዎች ላይ መኪናው እየተጎተተ ወደ መሬት የሚጠጋ ከሆነ ደግሞ ሪባውንዱ በዝቷል፤ ሞላው ተዘርግቶ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ጉብታ ይደርስበታል።

ደረጃ 8፦ ዲፈረንሻልና ፍሬን

መውጫ ላይ ያለ ችግር ግማሹ የዲፈረንሻል ነው። ሞላ ሲነካኩ ቀናት የሚያጠፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ገጽ አልከፈቱትም።

ሪፕሌዩን ቀርፋፋ አድርጉና መውጫ ላይ የሚነዱትን ጎማዎች ተመልከቱ። ከኩርባው በውስጥ በኩል ያለው ብቻውን የሚሽከረከርና የሚያጨስ ከሆነ የአክስለሬሽን መቆለፊያው (ነዳጅ ሲሰጥ ሁለቱን ጎማዎች አብሮ የሚያስረው) አንሷል፤ ጨምሩ። ሁለቱም አብረው እየተሽከረከሩ ኋላው ከሸሸ በዝቷል፤ ቀንሱ። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ነዳጅ ስትሰጡ ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነም እንዲሁ ቀንሱ። ፎርዛ ላይ በ5 በመቶ፣ ከ5 እስከ 60 በሚሄደው ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ በ3 ወይም በ4 ሂዱ።

ነዳጅ ለቃችሁ ስትገቡ የሚሠራው ዲሰለሬሽን ነው፤ ግራን ቱሪስሞ የብሬኪንግ ሴንሲቲቪቲ ይለዋል። ሲጨመር መግቢያ ላይ ኋላው ይረጋጋል፣ በምላሹ ፊቱ ለመታጠፍ ይሰንፋል።

ፍሬን ይዛችሁ ስትታጠፉ ኋላው ከሸሸ የፍሬኑን ሚዛን በ1 ወይም በ2 በመቶ ወደ ፊት ውሰዱ። ፊቱ ተቆልፎ ቀጥ የሚል ከሆነ ወደ ኋላ። መስመሩ ወደየት እንደሚያመለክት ካልገባችሁ እስከ ጫፍ ግፉትና ኤቢኤስን ለጊዜው አጥፍታችሁ ቀጥታ መንገድ ላይ ፍሬን ርገጡ፤ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍ ታያላችሁ። ይህ ዘዴ ትርጉሙ ግልጽ ላልሆነ ማንኛውም መስመር ይሠራል።

ደረጃ 9፦ ክንፍ

የክንፍ ጫና ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በ200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያለው ጫና በ100 ካለው አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ቀርፋፋ ኩርባ ላይ ያለን ችግር በክንፍ አታክሙ፤ አይደርስበትም።

በቀርፋፋ ኩርባ ጥሩ ሆኖ በፈጣኑ ላይ ፊቱ የሚገፋ ከሆነ የፊት ክንፉን ጨምሩ፣ ወይም የኋላውን ቀንሱ። በፈጣን ኩርባ ኋላው የሚያስፈራ ከሆነ የኋላውን ጨምሩ። በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ችግር ካለ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ክንፍ ጨምራችሁ በዙር ሰዓት ላይ ያገኛችሁትን፣ ቀጥታው ላይ ካጣችሁት ፍጥነት ጋር አመዛዝኑ። እንደ ሞንዛ ባለ ረጃጅም ቀጥታዎች ባሉት ትራክ ላይ የተረጋጋው ሴቲንግ ሁልጊዜ ፈጣኑ አይደለም።

ሁሉም ሲበላሽባችሁ

ይህ ይደርሳል። ከስድስት ሰባት ለውጥ በኋላ መኪናው የማን እንደሆነ አታውቁትም።

1. አቁሙ። ጌሙን ዝጉና ለአሥር ደቂቃ ተነሱ። የደከመ እጅ ጥሩን መኪና መጥፎ ያደርገዋል።
2. የመጨረሻውን ጥሩ ሴቲንግ ክፈቱ። «ትንሽ ባስተካክለው ይሆናል» ብላችሁ በተበላሸው ላይ አትቀጥሉ።
3. ሦስት ዙር ንዱ። ሰዓቱ ወረቀታችሁ ላይ ከጻፋችሁት ጋር ከገጠመ፣ ከእሱ ወዲህ ያሉትን ለውጦች አንድ በአንድ መልሱ። የሚያበላሸው ሲመጣ ይሰማችኋል።
4. ሰዓቱ ካልገጠመ መኪናው አይደለም የተቀየረው። ወይ የአየሩ ሁኔታ ነው፣ ወይ ነዳጁ፣ ወይ እናንተ።

ከሌላ ሰው የተገለበጠ ሴቲንግ አልሠራ ካላችሁም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ያ ሰው በመሪ ይነዳል፣ እናንተ በጆይስቲክ። ወይም የገጠመው ጎማ ሌላ ነው። እሱን እንደ መነሻ ወስዳችሁ ከደረጃ 1 ጀምሩ፤ ምናልባት የኋላ ባሩንና ዲፈረንሻሉን ብቻ ማለስለስ ይበቃችሁ ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ለአንድ ዙር ሳይሆን ለውድድር

አንድ ፈጣን ዙር የሚሰጥ ሴቲንግ ሃያ ዙር ላይ ሊከዳችሁ ይችላል። ቤንዚን በሊትር 0.75 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 100 ሊትር ከሞላችሁ 75 ኪሎ ተጨማሪ ሰው ጭናችኋል ማለት ነው፤ እሱም እየቀለለ ይሄዳል። የጎማውም መበላት ይጨመርበታል።

ስለዚህ በሙሉ ነዳጅ፣ የጎማ መበላት በርቶ፣ ያለማቋረጥ አሥር ዙር ንዱ። ከዚያ የአራቱን ጎማ መበላት አወዳድሩ። የኋላዎቹ ቀድመው የሚያልቁ ከሆነ የኋላ ባሩን አንድ እርምጃ አለስልሱ፣ የአክስለሬሽን መቆለፊያውንም ለብቻው ፈትሹ። የፊቶቹ ከሆኑ የፊት ባሩን አለስልሱ፣ ቶውን ወደ ዜሮ መልሱ። እዚህም ቢሆን በየተራ፣ አንድ በአንድ።

ውጤቱን «ውድድር» ብላችሁ፣ የአንዱን ዙር ሴቲንግ ደግሞ «ማጣሪያ» ብላችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ከስሙ ጎን የትራኩን ስምና የነዳጁን መጠን ጻፉ።